ማሳ ሲሰፋ መንገድ እንዳይጠፋ

መንግሥት ለእርሻ የሚሆን መሬት በርካሽ ኪራይ ሲሰጥ፥ ለትራክተሩም ነዳጅ፥ ለዘሩም ብድር ሲያቀርብ በውሉ ላይ የሚጻፈው ነገር ብዙ ነው። የመሬቱ ስፋት ይጻፋል፤ የኪራዩ ዘመን ይጻፋል፤ የተከራዩ ስምና የሚከፍለው ገንዘብ ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት በላዩ ሲያልፍ የኖረው ሰውና ከብት ከእንግዲህ ወዲህ በየት በኩል እንደሚያልፍ ነው።

ይህ ጕዳይ አስተዳዳሪንም ነጋዴንም የሚመለከት ነው። መሬቱን ለክቶ የሚሰጥ፥ ጠብ ሲነሣም ለዳኝነት የሚቀመጥ አስተዳዳሪው ነው። ነጋዴውም ቢሆን፥ ወደ ኦምዱርማን ገበያ የሚገባው በግ፥ ወይም ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ሱዋኪን ወርዶ በመርከብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሻገረው እንስሳ ከብዙ ቀን ጕዞ በኋላ የሚደርስ እንደ ሆነ ያውቃል። መንገድ የተዘጋበት ከብት ወይ ይከሳል፥ ወይ በመንገድ ይቀራል፥ ወይም በመኪና ይጫንና ዋጋው ይወደዳል። ከሦስቱ በማናቸውም የሚደርሰው ኪሳራ ዞሮ ዞሮ በገበያ ላይ መታየቱ አይቀርም።

ነጭና ጥቍር ዐባይ የሚገናኙባት ካርቱም የሱዳን የመሬት ሕግ የሚወጣባት፥ የሰፋፊው እርሻ አሰጣጥ የሚወሰንባት ከተማ ሆና ኖራለች። ውሳኔው በካርቱም ይሰጣል፤ መንገዱ የሚዘጋው ግን ከካርቱም ርቆ፥ በስተ ምሥራቅ በገዳሪፍ፥ በስተ ደቡብ በጥቍር ዐባይ ዳርቻ፥ በስተ ምዕራብም በኮርዶፋን ሜዳ ነው። በወሳኙና በመንገደኛው መካከል ያለው ይህ ርቀት ምን እንዳስከተለ የሰማንያ ዓመት ታሪክ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የከብት አርቢው ዓመት

የገዳሪፍ አውራጃ መሬት አብዛኛው ጥቍር መረሬ ነው። ዝናም ሲወርድበት ይጨቀያል፤ ግመል ያዳልጠዋል፥ የበጎች ሰኰና ይበሰብሳል፥ ዝንቡም ከብቱን ያስጨንቃል። ስለዚህ የሹክሪያ፥ የላሐዊንና የረሻይዳ ሰዎች ክረምቱ በገባ ጊዜ መንጋቸውን ይዘው ወደ ሰሜን፥ አሸዋና ጠጠር ወደሚበዛበት ወደ ቡታና ሜዳ ይወጣሉ። እዚያ ሣሩ ለጋ ነው፤ ውሃውም በየጐድጓዳው ይቋጥራል። ክረምቱ አልፎ ኩሬው ሲደርቅ ደግሞ ወደ ደቡብ ይመለሳሉ፤ ወደ አትባራ፥ በሱዳን ሰቲት ወደሚባለው ወደ ተከዜ፥ ወደ ራሃድና ወደ ዲንደር ወንዞች ይወርዳሉ። በጥቍር ዐባይ ዳርና ዳር የሚኖሩት ሩፋዓ አል ሆይም እንዲሁ እየወጡ እየወረዱ ዓመቱን ይጨርሳሉ። ከባርካ እስከ ከሰላ ያለውን አገር የለመዱት ቤኒ ዓምርም ወሰን ከመካለሉ በፊት የነበረውን የግጦሽ ሥርዐት ይዘው ኖረዋል።

ይህ መውጣትና መውረድ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። መንጋው የሚነሣበት ወቅት፥ የሚያድርበት ስፍራ፥ የሚጠጣበት ኩሬ የታወቀ ነው። ከብት እንደ መኪና በአንድ ቀጭን መንገድ እየገሠገሠ የሚሄድ ስላይደለ፥ እየጋጠና እያረፈ የሚጓዝበት ሰፊ ጥርጊያ ያስፈልገዋል። በምዕራብ ሱዳን ይህን ጥርጊያ መርሐል ይሉታል።

መንገዱ ከማሳው ጋራ የሚስማማበት ልማድም ነበረ። በዳርፉር አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለማንኛውም ከብት የሚለቀቅበት ቀን ይታወጅ ነበር፤ ይህም ጊዜ ጠሊቅ ይባላል። ከዚያ ቀን በፊት ከብቱን ወደ ማሳ ያስገባ ሰው ካሣ ይከፍላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ገለባውን የሚከለክል የለም። ገበሬው በምትኩ ፍግ ያገኛል። በኢትዮጵያ ደጋም ነዶው ከማሳው ከተነሣ በኋላ የመንደሩ ከብት በቃርሚያው ላይ የሚሠማራበት ልማድ ስላለ፥ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ያልተመዘገበው መሬት የማን ነው

እንግሊዞች በ1925 ባወጡት የመሬት ማስመዝገቢያ ሕግ ባዶ፥ ደንና ያልተያዘ መሬት ሁሉ ሌላ ባለቤት እንዳለው እስኪረጋገጥ ድረስ የመንግሥት ሆኖ እንዲቈጠር ተደነገገ። በዐባይ ዳር የተምር ተክልና የመስኖ እርሻ ያለው ሰው ርስቱን አስመዘገበ። በዝናም የሚለማው የመካከለኛው ሱዳን ሜዳ ግን ሳይመዘገብ ቀረ፤ ማንም በብቻው የያዘው አልነበረምና። ቢሆንም በዚያን ዘመን በየነገዱ ላይ የተሾሙት ናዚሮች የግጦሹንና የመንገዱን ነገር በልማድ ይዳኙ ስለ ነበር፥ የሕጉ ክፍተት ብዙ አልታወቀም።

ሁለተኛው ሕግ በ1970 ወጣ። በዚህ ሕግ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ በመንግሥት ስም እንደ ተመዘገበ ተቈጠረ። በዓመቱ፥ በ1971፥ የነገድ አስተዳደር እንዲቀር ተደረገና የናዚሮቹ ሥልጣን ተሻረ። የ1970ው ሕግ በ1984 በፍትሐ ብሔር ሕግ ቢተካም ዋናው ሐሳብ አልተለወጠም። እንግዲህ የሁለቱ ዓመታት ውጤት ሲደመር እንዲህ ይሆናል፤ መንገዱን በጽሑፍ የሚያውቅ ሕግ አልነበረም፤ በቃል የሚያውቀው ዳኛም ከወንበሩ ተነሣ።

ዳኛው መነሣቱ የጐዳው መንገዱን ብቻ አይደለም። በቡታና ቀድሞ የሹክሪያ ናዚር የግጦሹን ወቅትና የውሃውን ተራ ይወስን ነበር። ያ ሥልጣን ሲቀር ሜዳው ለሁሉ ክፍት ሆነ። ከየአቅጣጫው የመጣ መንጋ ሰፈረበት፤ ከዚያም ድርቅ ሲጨመር ሣሩ ተራቈተ። ስለዚህ ክፍት መሆን ብቻውን መብት አይሆንም። መብት የሚሆነው ማን፥ መቼ፥ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲታወቅና ይህንኑ የሚያስከብር ሲኖር ነው።

አንድ ሺሕ ፌዳን

በሱዳን በትራክተር የሚታረሰው የዝናም እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1944፥ ከገዳሪፍ አጠገብ በገደምባሊያ ነው። ምክንያቱም በምሥራቅ አፍሪካ ለተሰለፈው ጦር እህል ማስፈለጉ ነበር። መንግሥት ራሱ የጀመረው እርሻ ብዙ ወጪ ስላስከተለ በ1954 ሥራው ለግል ባለሀብቶች እንዲተላለፍ ተደረገ።

የዚያን ጊዜ የአሰጣጡ ዕቅድ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። መሬቱ እስከ አንድ ሺሕ ፌዳን በሚደርስ ይዞታ ተከፋፈለ። አንድ ፌዳን 4,200 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ አንድ ይዞታ 420 ሄክታር ያህል ይሆናል። ግማሹ ሲታረስ ግማሹ እንዲያርፍ፥ ከአራት ዓመትም በኋላ የታረሰው ዐርፎ ያረፈው እንዲታረስ ታሰበ። ይህ ዕቅድ ቢፈጸም ኖሮ በያንዳንዱ እርሻ አጠገብ ሁልጊዜ ሣር የሚበቅልበትና ከብት የሚያልፍበት መሬት በተገኘ ነበር። ያረፈው መሬት ለአፈሩ ዕረፍት፥ ለመንጋው ደግሞ መንገድ በሆነ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። አዲስ መሬት በየአራት ዓመቱ መመንጠር ወጪ ስለሚያስከትል ተከራዩ የያዘውን አልለቀቀም፤ የሚያርፈውንም ጨምሮ አረሰ። መሬት ፈላጊው ከለኪው ስለ ፈጠነም ብዙ ሰው ካልተለካው ስፍራ ገብቶ ያለ ፈቃድ አረሰ። በ1968 የሚታረሰው መሬት ከ750,000 ሄክታር በላይ ደርሶ ሳለ፥ ከዚህ ውስጥ ከ200,000 ሄክታር የሚበልጠው ያለ ፈቃድ የተያዘ እንደ ሆነ ተገምቶ ነበር። በየፌዳኑ የሚገኘው ምርት ግን እየቀነሰ ሄደ።

በዚያው በ1968 ሥራውን የሚቈጣጠር የትራክተር እርሻ ኮርፖሬሽን በመንግሥት ተቋቋመ። የዓለም ባንክም በገንዘብ ረዳው። እርሻው ወደ ኮርዶፋን፥ በኑባ ተራሮች አጠገብ ወዳለው ወደ ሐቢላ ተስፋፋ። በሐቢላም የሐዋዝማ ከብት አርቢዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱበት መርሐል በእርሻ ተቈረጠ፤ በስፍራው ያረሱ የነበሩት የኑባ ገበሬዎችም መሬታቸው ለሌላ ተሰጠባቸው። ከተከራዮቹ ብዙዎቹ በከተማ የሚኖሩ ነጋዴዎች፥ ጡረታ የወጡ ሹማምንትና መኰንኖች ነበሩ።

መንግሥት ለዚህ እርሻ የሰጠው ርዳታ ምን ዐይነት እንደ ነበረ መመርመር ይገባል፤ የነገሩ ቍልፍ በዚህ ላይ ነውና። በጥሬ ገንዘብ የሚቈጠር ድጎማ አልነበረም። የመሬቱ ኪራይ ከምርቱ ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ከምንም የማይቈጠር ነበር። ነዳጁ በመንግሥት ድጎማ ረክሶ ይሸጣል፤ የእርሻ ባንክም ብድር ይሰጣል። እንግዲህ መሬትም ማረሻም የረከሰለት ሰው አንዱን ፌዳን አሳምሮ ከሚያርስ ይልቅ ብዙ ፌዳን ማዳረስ ይጠቅመዋል። አፈሩ ሲደክምበት ትቶት ወደ ሌላ ይሄዳል። ርዳታው የተሰጠው በታረሰው ስፋት መጠን ስለ ነበር፥ ሳይታረስ የቀረ ጥርጊያ ሁሉ ለተከራዩ የቀረበት ጥቅም ሆኖ ታየው። መንገድ የጠፋው በክፋት ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ነው።

የአንድ ሺሕ ፌዳን መሬት አራት ማዕዘን ቢሆን እያንዳንዱ ጐኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እንዲህ ያሉ ዐሥር እርሻዎች ጐን ለጐን ሲሰለፉ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሆን ግድግዳ ይቆማል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ኩሬ ሊደርስ የፈለገ እረኛ ወይ ዙሪያውን ይዞራል፥ ወይም በሌሊት ማሳውን ይሰነጥቃል። በገዳሪፍ፥ በሰናርና በኮርዶፋን በመከር ወራት በገበሬና በከብት አርቢ መካከል የሚነሣው ጠብ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

የቡታና ከብት አርቢዎች መሬት የቀነሰው በትራክተር እርሻ ብቻም አይደለም። የአስዋን ግድብ ውሃ ዋዲ ሐልፋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከዚያ የተነሡት ኑባውያን በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 በተጠናቀቀው በኻሽም አል ጊርባ ግድብ በሚለማው መሬት ላይ ሰፈሩ። አዲስ ሐልፋ የተባለው ይህ እርሻ የተመሠረተው የሹክሪያ መንጋ በበጋ በሚወርድበት ስፍራ ነው። ለከብት አርቢዎቹም በመስኖው ላይ ድርሻ ተሰጥቷቸዋል። ይሁን እንጂ መንጋውን ትቶ ጥጥና ስንዴ ማልማት ለሁሉም የሚሆን ኑሮ አልነበረም።

የገበሬውም አቤቱታ

ፍርድ ሁለቱን ወገን መስማት አለበት። የትራክተሩ እርሻ ለሱዳን ከተሞች ማሽላ፥ ለውጭ ንግድ ሰሊጥ አበርክቷል። በየዓመቱም በመከር ጊዜ በመተማና በገላባት በኩል እየተሻገሩ በገዳሪፍ ማሳዎች የቀን ሥራ ያገኙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ገበሬውም በበኩሉ፥ ነዶው ገና ሳይነሣ መንጋ ገብቶበት የዓመት ድካሙ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ባንኩ ግን ብድሩን ይጠይቀዋል። ስለዚህ የመንገዱ መታወቅ የሚጠቅመው ለእረኛው ብቻ አይደለም። ወሰኑ በድንጋይ የታወቀ ጥርጊያ ቢኖር ከጥርጊያው ወጥቶ ማሳ ያጠፋ ከብት ባለቤቱ በግልጥ ይጠየቃል፤ ጥርጊያውን ያረሰ ገበሬም እንዲሁ። ወሰን በሌለበት ግን ሁለቱም እውነተኛ ነኝ ይላሉ፤ ዳኛውም የሚፈርድበት መስፈርት ያጣል።

ለዛፍ የሚሰጥ መሬት

ከእርሻው ቀጥሎ የመጣው የአየር ጠባይና የደን ጥበቃ ጕዳይ ነው። በ1989 የወጣው የሱዳን የደን ሕግ በዝናም የሚለማ እርሻ ከመቶ ዐሥር፥ በመስኖ የሚለማው ከመቶ አምስት የሚሆነውን መሬት ለዛፍ እንዲተው ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ቢፈጸም ነፋስ ይከለክላል፥ ሙጫ የሚሰጠውንም ግራር ያበዛል። ሆኖም ብዙዎቹ ተከራዮች ትእዛዙን አልፈጸሙትም። ቢፈጽሙትም እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የዛፉ መስመር በከብቱ ጥርጊያ ላይ ቢተከልስ? ለችግኝ የታጠረ አጥር ለእረኛው ከማሽላ ማሳ የተለየ አይደለም። ለአካባቢ ጥበቃ የሚሰጥ ገንዘብም መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ካርቱም ራሷም ለዚህ ምስክር ናት። በነጭ ዐባይ ዳር፥ ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ አጠገብ፥ በእንግሊዞች ዘመን ጥብቅ ደን የተባለ የሱንት ግራር ደን ነበረ። ወንዙ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል፥ ወፎች ይሰፍሩበታል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የከተማው ሰው በዕረፍቱ ቀን ቤተ ሰቡን ይዞ ከጥላው ሥር ያርፋል። በ2000ዎቹ ዓመታት ከአጠገቡ በሙግረን የታላላቅ ሕንጻዎች ዕቅድ በተነሣ ጊዜ ስለ ደኑ ዕጣ ብዙ ክርክር ተደረገ። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 የጀመረው ጦርነት ካርቱምን ካወደመ በኋላ ግን ክርክሩን ምሳር ጨረሰው፤ ዛፉ ለማገዶ ተቈርጦ ደኑ ተራቈተ። ከከተማው በስተ ደቡብ በ1960ዎቹ ዓመታት በከተማው ፍሳሽ ውሃ እየለማ የተተከለው አረንጓዴው መቀነትም ከጦርነቱ አስቀድሞ ጥቂት በጥቂት ለቤትና ለሌላ ሥራ እየተሸነሸነ አልቆ ነበር። ሁለቱም የሕዝብ መዋያዎች በወረቀት የታወቁ ነበሩ። ነገር ግን ሕዝቡ በዚያ የመግባት መብት እንዳለው የሚናገር፥ ያንንም መብት ከግንባታ ዕቅድ የሚያስቀድም ድንጋጌ አልነበረም።

የእንግሊዝ አገር ምሳሌ

ሱዳንን የገዙት እንግሊዞች በአገራቸው ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ሲከራከሩበት ኖረዋል። በዚያ የሚጠየቀው የከብት ሳይሆን የእግረኛ መንገድ ነው። በሚያዝያ 24 ቀን 1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ ሠራተኞች ኪንደር ስካውት በተባለው፥ ለአደን በተከለከለ ተራራ ላይ በአንድነት ወጡ፤ ከእነርሱም አምስቱ ታሰሩ። በ1949 የወጣው ሕግ ግን በየአውራጃው ያሉ ምክር ቤቶች የእግር መንገዶችን ሁሉ መርምረው በካርታ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። በዚያ ካርታ የሰፈረ መንገድ በፍርድ ቤት የማይነቃነቅ ማስረጃ ነው። መሬቱ ቢሸጥም፥ ቢወረስም፥ ተከራዩ ቢለወጥም መንገዱ ይኖራል። በ2000 በወጣው ሕግ ደግሞ ተራራ፥ ጠፍ መሬትና የጋራ ግጦሽ ለእግረኛ ተከፈተ፤ ይህም ከእንግሊዝ ምድር ከመቶ ስምንት ያህሉ ነው።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ማኅበር ከወጣች በኋላ በ2020 የወጣው የእርሻ ሕግ ሌላ ዘዴ ጨመረ። ቀድሞ ለገበሬው ድጎማ የሚከፈለው በያዘው መሬት ስፋት ነበር። አዲሱ ሕግ ግን የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ጥቅም ይከፈል በሚል ሐሳብ ተመሥርቶ ክፍያ ሊሰጥባቸው የሚችሉትን ሥራዎች ሲዘረዝር፥ ሕዝቡ ወደ ገጠርና ወደ ደን እንዲገባ መርዳትንም በመጀመሪያው አንቀጽ ቈጠረው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መቻል መፈጸም አይደለም፤ የመንገድ ወዳጆች ማኅበራት ለአፈርና ለዛፍ ከሚከፈለው ጋራ ሲነጻጸር ለመንገድ የተሰጠው ስፍራ ትንሽ ነው ብለው ይከራከራሉ። ከአዲሶቹ ክፍያዎች ዋነኛው በመጋቢት 11 ቀን 2025 ለአዲስ አመልካቾች በድንገት ሲዘጋ፥ በክፍያ ላይ የተመሠረተ ሥራ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል ታየ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በክፍያ የተከፈተ መንገድና በመብት የተከፈተ መንገድ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ገበሬው በአምስት ወይም በዐሥር ዓመት ውል ገንዘብ ተቀብሎ በሩን ሲከፍት፥ ውሉ ባበቃ ማግስት ሊዘጋው ይችላል። በካርታ የሰፈረው ጥንታዊ መንገድ ግን ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም ክፍት ነው። ስለዚህ ክፍያ በሩን ለመጠገን፥ ድልድይ ለመሥራት፥ ኩሬ ለመቈፈር ይጠቅማል እንጂ መብቱን ሊተካ አይችልም።

ቢፈጸም የሚጠቅመው

በሱዳንም መልካም ጅማሬ ታይቷል። በ2005 ሥራውን በጀመረውና ዓለም አቀፉ የእርሻ ልማት ፈንድ በረዳው የምዕራብ ሱዳን መርሐ ግብር በኮርዶፋን የመንጋ መንገዶች ተለክተው ምልክት ተተክሎባቸዋል። በኢትዮጵያም የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 5 ከብት አርቢዎች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘት፥ ከመሬታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ምልክቱም አንቀጹም ፍሬ የሚሰጡት መሬት በሚያከራየው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ነው።

ጦርነት ያፈረሰውን እርሻ ለማቅናት መሬትና ብድር በሚታደልበት ጊዜ ሁሉ የሚከተሉት አራት ነገሮች ቢጠበቁ ብዙ ጠብ ይቀራል።

አንደኛ፥ ለኪው መሬቱን ከመሸንሸኑ በፊት ጥርጊያውን ከእረኞችና ከመንደር ሽማግሌዎች ጋራ በእግሩ ይሂድበት፤ ማደሪያውንና ኩሬውንም ጨምሮ በካርታ ያስፍር። በክረምት ያየውን በበጋ ደግሞ ይየው፤ በአንዱ ወቅት ባዶ የመሰለ መሬት በሌላው የመንጋ ማደሪያ ነውና።

ሁለተኛ፥ ያ ካርታ የኪራዩ ውል ክፍል ይሁን። ጥርጊያው ከአንድ ሺሕ ፌዳኑ ተቀንሶ ኪራይ የማይከፈልበት ይሁን እንጂ ተከራዩ በልግስና እንደ ተወው አይቈጠር። ውሉ ሲታደስና ይዞታው ሲሸጥ አብሮት ይተላለፍ።

ሦስተኛ፥ ብድርና የረከሰ ነዳጅ የሚሰጠው ክፍል ጥርጊያው ያልታረሰ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይስጥ። መንገዱን ያጠፋው በስፋት የሚሰጠው ርዳታ ስለ ሆነ፥ ሊመልሰው የሚችለውም ያው ርዳታ ነው። ለዛፍ የሚሰጥ ገንዘብም በዚሁ ደንብ ይገዛ፤ የዛፉ መስመር ጥርጊያውን ያጅበው እንጂ አያቋርጠው።

አራተኛ፥ ጥርጊያው ጠባቂ ይኑረው። የቀድሞው ናዚር የነበረውን ሥራ ገበሬና ከብት አርቢ በእኩል ቍጥር የሚቀመጡበት ሸንጎ ሊወስደው ይችላል። መንጋው የሚነሣበትን፥ ማሳው የሚለቀቅበትን ቀን ያውጅ፤ ካሣውንም እዚያው በስፍራው ይቍረጥ። ወደ ካርቱም ለአቤቱታ የሚሄድ ሰው ከመመለሱ በፊት አዝመራውም መንጋውም ሊጠፋ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ወጪ ያስከትላል ቢባል፥ የወሰን ድንጋይ ዋጋ ከአንድ ትራክተር ዋጋ ጋራ ይተያይ። ድንጋዩ ከትራክተሩ አስቀድሞ ቢደርስ ወጪው ትንሽ ነው። ትራክተሩ ከቀደመ ግን ጥርጊያውን ለማስለቀቅ ካሣ፥ ለካሣው ክርክር፥ ለክርክሩም ፖሊስና ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። በገዳሪፍ ከ1954 ወዲህ የታየው ይኸው ነው።